በ92 ዲግሪ የሚፈላ ውሃና 50 ግራም ኡሎንግ

ለንግድ ወደ ጓንግዡ የሚመላለስ የአጎቴ ልጅ ባለፈው መስከረም 50 ግራም ኡሎንግ ሻይ በትንሽ ጣሳ አሽጎ ደሴ ድረስ አመጣልኝ። የከፈለበትን ሲነግረኝ በገንዘቡ ከ10 ኪሎ በላይ ጥሬ ቡና ይገዛ እንደነበር በልቤ አስልቼ ዝም አልኩ። እንደ ማንኛውም ሻይ አፍልቼ የምጨርሰው ነገር አለመሆኑ ገባኝ። በ5 በ5 ግራም ቢከፈል ለ10 ጊዜ ብቻ የሚበቃ በመሆኑ፣ እያንዳንዱን አፈላል ከቀኑ፣ ከውሃው ሙቀትና ከቆይታው ጋር በደብተር መመዝገብ ጀመርኩ። ከዚህ በታች የማካፍለው ከዘጠኙ አፈላሎች የተማርኩትን ነው፤ ከእነርሱም ሦስቱ ያለ ምንም ማስተባበያ የባከኑ ናቸው።

ሻዩ በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር፣ በቻዎዡ ከተማ አቅራቢያ ከሚገኘው የፌንግኋንግ ተራራ የሚለቀም ሲሆን፣ «ዳን ጾንግ» ከሚባሉት ኡሎንጎች አንዱ ነው። ትርጉሙ «ነጠላ ዛፍ» እንደ ማለት ነው፤ ስያሜውም የእያንዳንዱ ዛፍ ቅጠል ለብቻው ተለቅሞ ለብቻው ይሰናዳ ከነበረበት ልማድ የመጣ ነው። ዛሬ አብዛኛው ዳን ጾንግ ከተባዙ ችግኞች የሚለቀም ቢሆንም የአሮጌ ዛፎች ቅጠል አሁንም ተለይቶ ይሸጣል፤ ዋጋውን የሚሰቅለውም ይኸው ነው። የእኔው «ሚ ላን ሺያንግ»፣ ማለትም «የማርና የኦርኪድ ሽታ» የሚባለው ዓይነት ነው። ማርም ሆነ አበባ አልተጨመረበትም፤ ሽታው ከዛፉ ዝርያና ከአሠራሩ ብቻ የሚወጣ ነው።

አረንጓዴ ሻይ፣ ጥቁር ሻይና ኡሎንግ ሦስቱም ከአንድ የተክል ዝርያ የሚገኙ ሲሆኑ፣ የሚለያቸው በዋናነት ቅጠሉ ከተለቀመ በኋላ አየር ምን ያህል እንዲሠራበት መፈቀዱ ነው። ኡሎንግ መሃል ላይ ያለው ነው። ቅጠሉ ፀሐይ ላይ ከጠወለገ በኋላ በቀርከሃ ሰፌድ እየተናጠ ጠርዙ እንዲቀጠቀጥ ይደረጋል፤ የተቀጠቀጠው ጠርዝ እየቀላ ሲሄድ መሃሉ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል፤ ሠሪውም ሽታው የሚፈልገው ደረጃ ላይ ሲደርስ በጋለ ምጣድ አምሶ ለውጡን ያስቆመዋል፣ ከዚያም ጠምዝዞ ያደርቀውና በከሰል ሙቀት ይጠብሰዋል። ቡና ሲቆላ አንድ ደቂቃ ማለፍ ምን እንደሚያደርግ ለሚያውቅ የወሎ ሰው የዚህን ሥራ ክብደት ማስረዳት አያስፈልግም።

የመጀመሪያዋን 5 ግራም ያበላሸሁት በልማድ ነው። አንድ ሊትር ውሃ በብራድ አፍልቼ፣ ቅርንፉድና ቀረፋ ጨምሬ፣ በስኳር ጠጣሁት። የቀረፋ ውሃ ሆነ። በሁለተኛው ጊዜ ቅመሙንና ስኳሩን ትቼ ጀበና ተጠቀምኩ፤ ሸክላ ሙቀት ይይዛል ብዬ ነበር። ሸክላው የያዘው ግን የዓመታት ቡና ነበር፤ ጀበናው ሁለት ጊዜ በሙቅ ውሃ ቢታጠብም ሻዩ የበረካ አተላ ሸተተኝ። ቻይናውያን ባልተለበጠ ሸክላ የተሠራን የሻይ ማንቆርቆሪያ ለአንድ ዓይነት ሻይ ብቻ መድበው የሚይዙት ለዚህ እንደሆነ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ከሻዩ ጋር አብሮ የመጣውን ጋይዋን፣ ጆሮ የሌለው ክዳናም ነጭ ስኒ፣ 110 ሚሊ ሊትር ብቻ ስለሚይዝ ለእንግዳ ማሳፈሪያ ነው ብዬ እስከዚያ ቀን ቁም ሳጥን ውስጥ ትቼው ነበር።

በሦስተኛው አፈላል ሁሉንም እንደ ደንቡ አደረግሁ። የሰፈራችን ወርቅ ሠሪ በወርቅ ሚዛኑ 5 ግራም መዘነልኝ፤ «ይህ ደግሞ ስንት ካራት ነው ወንድሜ?» ብሎም ሳቀብኝ። ውሃው ተንፈቀፈቀ፣ ጋይዋኑ ተዘጋጀ፣ በ10 ሰከንድ ቀዳሁ። የወጣው ፈዛዛ፣ ገለባ ገለባ የሚል ውሃ ነበር። የአጎቴን ልጅ አታልለውታል ብዬ እስከ መጠርጠር ደረስኩ፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ጥፋቱ ከቅጠሉ አልነበረም። የምግብ ቴርሞሜትር ተውሼ የሚንፈቀፈቀውን ውሃ ስለካው 92 ዲግሪ አሳየኝ፤ እሳቱን ብጨምርም ከዚያ አላለፈም። በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውሃ፣ ከፍታ ሲጨምርና የአየሩ ግፊት ሲቀንስ፣ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ቀድሞ ይፈላል። ደሴ ደግሞ በጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት። ባቄላ ደጋ ላይ ለመብሰል እንደሚዘገይ እናቶቻችን ሁሉ ያውቃሉ፤ እኔ ግን ይህንን ከሻይ ጋር አገናኝቼው አላውቅም ነበር። ቻዎዡ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ የማትል ቆላ ከተማ በመሆኗ፣ «የፈላ ውሃ፣ 10 ሰከንድ» የሚለው ደንብ የተሠራው 100 ዲግሪ ለሆነ ውሃ ነው። አንድ ወዳጄ ውሃውን በፕሬዠር ኩከር እንዳፈላው መክሮኝ ነበር፤ ነገር ግን ክዳኑ ተከፍቶ ግፊቱ እንደወጣ ውሃው ወዲያው ወደ 92ቱ ስለሚመለስ ድካሙ ትርፍ የለውም።

ስምንቱን ዲግሪ ማምጣት ካልተቻለ ያሉትን 92ቱን አለማባከን ይቀራል። በጥቅምት ቅዝቃዜ ያደረ ጋይዋን ውስጥ የፈላ ውሃ ጨምሬ ብለካው ወደ 81 ዲግሪ ወርዶ አገኘሁት፤ ሻዬን የገደለው በዋናነት ከተራራው ይልቅ ይህ ነበር። አሁን ጋይዋኑን ከነክዳኑ ሁለት ጊዜ በፈላ ውሃ አሙቄ እደፋለሁ፣ ቅጠሉን በሞቀው ስኒ ውስጥ ከድኜ ለአፍታ እተወዋለሁ፣ ብራዱንም ከከሰል ምድጃው ሳላወርድ እዚያው እየተንፈቀፈቀ እቀዳለሁ። በዚህ ሁኔታ ጋይዋኑ ውስጥ የሚገኘው ሙቀት 88 ዲግሪ ነው። የመጀመሪያውን ቆይታ ከ10 ወደ 25 ሰከንድ አሳደግሁ፤ ከዚያ በዚያው ቅጠል ላይ አዲስ የፈላ ውሃ እየደጋገምኩ፣ ቆይታውን 20፣ 30፣ 45 እያልኩ ሰባተኛው ውሃ ላይ 2 ደቂቃ አደርሰዋለሁ። ዳን ጾንግ ጥቂት ሰከንድ ሲያልፍበት በመምረር የሚታወቅ ሻይ ነው፤ በደሴ ውሃ ግን መራራው ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ለጀማሪ እጅ ይቅርታ ያደርጋል። ከፍታው ያደረገልኝ ብቸኛ ውለታ ይህ ነው።

አምስተኛው አፈላል ቤት ውስጥ፣ እናቴ ባለችበት ነበር። ዕጣኑ እስኪወጣ መስኮት ከፍቼ እንድጠብቅ ስለ ለመንኳት በመጠኑ ተቀይማለች። ቅጠሉን ለማንቃት የመጀመሪያውን ውሃ ጨምሬ ወዲያው ስደፋው ግን መታገሥ አልቻለችም፤ «አቦሉን ደፍቶ በረካውን የሚጠጣ ሰው ዛሬ አየሁ!» አለች። ነገሩ ለቡና ሰው በእርግጥ ግር ይላል። በቡና ጉልበቱ አቦሉ ላይ ነው፣ ቶናና በረካ እየቀጠኑ ይሄዳሉ፤ ይህ ቅጠል ግን ተጠምዝዞ የደረቀ በመሆኑ መጀመሪያ ዝግ ነው፣ የሚናገረውም ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ባለው ነው።

ሦስተኛውን ቀድቼ ክዳኑን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ። መጀመሪያ የመጣው የተጠበሰ ነገር ሽታ ነበር፣ ገብስ ሲታመስ እንደሚሸተው፤ ክዳኑ ትንሽ ሲበርድ ያ ሄደና የበሰለ ኮክ ሽታ መጣ፤ ጨርሶ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቁልጭ ያለ የማር ሰፈፍ ቀረ። ክዳኑን ለእናቴ ሰጠኋት፤ ደጋግማ አሸተተችና «የላስታ ማር» አለች። ስኳር የለበትም ብላት አላመነችኝም። የጠጣሁትን ከዋጥኩ በኋላ ምላሴን የያዘው ቀጭን ምሬት ቀስ እያለ ወደ ጣፋጭነት ሲዞር ተሰማኝ። ቻይናውያን ለዚህ «ተመላሽ ጣፋጭነት» የሚል ስም አላቸው፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ላይ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም። ከሰባተኛው በኋላ ቅጠሎቹን በነጭ ሳህን ላይ ዘርግቼ አየኋቸው፤ መሃላቸው የወይራ አረንጓዴ፣ ጠርዛቸው ዙሪያውን ዝገት የመሰለ ቀይ። ሰፌዱ ላይ የተናጡበት ምልክት ነው።

ስምንተኛውን ሆን ብዬ ኮምቦልቻ ወርጄ፣ እህቴ ቤት አፈላሁት። ቁልቁለቱ ከ25 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ቢሆንም ከተማዋ ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ቴርሞሜትሩም 94 አሳየኝ። ቤቱም ሞቃት በመሆኑ ጋይዋኑ ውስጥ የቀረው 91 ዲግሪ ነበር። በ25 ሰከንድ የቀዳሁት ስኒ ግን አፍ የሚጨብጥ ሆነ፤ ወደ 15 አውርጄው ነው የተስተካከለው። ሦስት ዲግሪ ይህን ያህል ይለውጣል ብሎ ሰው ቢነግረኝ የማላምነውን ነገር በምላሴ አረጋገጥኩ። ሽታው እዚያ ይበልጥ ከፍ ብሎ ወጣ፤ የማሩን ልስላሴ ግን አሁንም ከደሴው እመርጣለሁ፣ ምናልባት ለከተማዬ አድልቼ ይሆናል።

ስለ አቀማመጡ ለሚጠይቁኝ፦ ጣሳው ከበርበሬ፣ ከቅቤና ከዕጣን ርቆ በልብስ ሣጥን ውስጥ ነው ያለው። ደረቅ የሻይ ቅጠል የአካባቢውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። ውሃውን በተመለከተ፣ የብራዴ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እየጋገረ ስለሚያስቸግረኝ ለዘጠነኛው የታሸገ ውሃ ሞክሬ ነበር፤ ጣዕሙ ጠራ፣ ነገር ግን ሁለት ነገር በአንድ ቀን ስለ ቀየርኩ (ቆይታውንም ወደ 30 አሳድጌው ነበር) ለየትኛው ምስጋና እንደምሰጥ መለየት አቃተኝ። ይህ የመዝጋቢ ስሕተት ነው፤ በደብተሩ ላይ በቀይ አስምሬበታለሁ።

የቀረችው 5 ግራም አንዲት ናት። ባቲ ከኮምቦልቻም ዝቅ ስለምትል፣ በሚቀጥለው ሰኞ ገበያተኛ ይዞ ከሚወርደው መኪና ጋር ጋይዋኑን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ቴርሞሜትሩንና ደብተሩን ይዤ ለመሄድ አስቤአለሁ። እናቴም አብራ ልትወርድ ተዘጋጅታለች፤ የመጀመሪያውን ውሃ እንዳልደፋ ግን ከወዲሁ አስጠንቅቃኛለች።