በፊደላችን ስጽፋት «አንቱ» የሆነችው የእንግሊዝኛ ቃል

እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብዬ በ1611 የታተመውን የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ጀመርኩ። ገና ከመጀመሪያዎቹ ገጾች አንዲት ቃል እየተመላለሰች አስቸገረችኝ፤ «አንቱ» (unto)። በእኛ ፊደል ስትጻፍ ታላላቆቻችንን የምናከብርባትን አንቱ ትመስላለች። ዝምድና ግን የላቸውም።

መጀመሪያ በግምት ሄድኩ። በእንግሊዝኛ «አን» (un) ከቃል ፊት ስትገባ ብዙ ጊዜ ታፈርሳለች። «ሃፒ» ደስተኛ ነው፤ «አንሃፒ» ደስ ያላለው። ስለዚህ አንቱንም አፍራሽ አድርጌ አነበብኳት። ንባቡ ሁሉ ተገለባበጠብኝ። መዝገበ ቃላት ሳይ ደግሞ «ቱ (to) ማለት ነው፤ ጥንታዊ» ብሎ አለፈኝ።

የረዳኝ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቼ፣ አንቱ ያለችበትን ቁጥር እየፈለግኩ፣ አማርኛው በምን እንደተካት ደብተር ላይ ጻፍኩ። ማቴዎስ 11፥28 «ወደ እኔ ኑ» ይላል። እዚህ «ወደ» ናት። ኢሳይያስ 9፥6 «ሕፃን ተወልዶልናልና» ይላል። እዚህ ለብቻዋ የቆመች ቃል እንኳ የለችም፤ አማርኛው «ልን»ን ግሱ ውስጥ ከትቶ ጨርሶታል። ይህቺን ሳይ ቋንቋዬን እንደ አዲስ ወደድኩት። ራእይ 2፥10 ላይ ደግሞ «እስከ ሞት ድረስ የታመንህ ሁን»።

እስከ! ሥሯ ያለው እዚህ ነው። «አንቲል» (until፣ «እስከ») የምትለዋ ቃልም ይህቺኑ «አን» ይዛለች። «አን» ከኖርስ፣ ከጥንት የስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ፣ የመጣች ናት፤ ትርጉሟም «እስከ» ነው። ከአፍራሿ «አን» ጋር ምንም አያገናኛትም።

ቃሏን ወድጃት ነበርና የሥራ ማመልከቻ ላይ ከተትኳት። «ለእርስዎ እጽፋለሁ» ለማለት ነው። እንግሊዝኛ የሚያስተምረኝ ሰው ሰረዛትና «ይሄ የስብከት ድምፅ አለው» አለኝ። ልክ ነበር። እኛስ ማመልከቻ ላይ በግዕዙ «ወደ» «ኀበ ሥራ አስኪያጅ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ብናይ አይገርመንም? የቃል ትርጉም ማወቅና የት እንደሚነገር ማወቅ ለየቅል መሆናቸው ያኔ ገባኝ። ዛሬ ሳነባት ደስ ይለኛል፤ በራሴ ጽሑፍ ግን አልጠቀምባትም።

በተለመዱ አባባሎች ውስጥ ግን አሁንም አለች። ማን አለብኝ ብሎ በፈቃዱ የሚሄድን ሰው እንግሊዞች «ሕግ አንቱ ራሱ» (a law unto himself) ይሉታል፤ ለራሱ ሕግ ነው እንደ ማለት። አባባሉ ሮሜ 2፥14 ላይ አለ። ጳውሎስ ግን «ለራሳቸው ሕግ ናቸው» ያለው ሕግ ሳይኖራቸው በተፈጥሮ የሕግን ትእዛዝ ስለሚያደርጉ አሕዛብ ነበር። ነቀፌታ የለበትም። በደብተሬ ውስጥ በቀይ ያሰመርኩበት ይህን ብቻ ነው።