የልዩነት ሐሳቤ ይያዝልኝ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ያለ ምክንያት ከፍቶኛል። ምክንያት ብፈልግለት አላጣም፤ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ጠቆረ ነው፣ ትንሿ ወደ ትምህርቷ ከተመለሰች ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል፣ እሑድ ከሰዓት ደግሞ በዚህ በአሜሪካ ሰው የሚያጽናና ሰዓት ሆኖ አያውቅም። ልጽፍ የተቀመጥኩት ስለዚህ መከፋት ነበር። ነገር ግን ገና ስጀምር ወደ ልቤ የመጣው ባለፈው የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ጉባኤ ላይ የሰማሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «የልዩነት ሐሳቤ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» የሚል።

የተናገረውን ሰው ላስተዋውቃችሁ። መኪናዬ በበረዶ በተቀበረች ጊዜ አካፋ ይዞ የመጣው እርሱ ነው። ዕድሜው ሰማንያን ያለፈ፣ ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሕፃናቱ ሳይቀሩ በስሙ ይጠሩታል፤ እኔ ግን ይህን ያህል ጊዜ አብሬው ተቀምጬ ስሙን በባዶው መጥራት አልቻልኩም። በልቤ ጋሼ እለዋለሁ፤ ፊት ለፊት ስንገናኝ ደግሞ ስም የማያስፈልገው ዓረፍተ ነገር እየመረጥኩ አናግረዋለሁ።

ጉዳዩ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ያለው አሮጌ ቤት ነበር። ቀድሞ የመጋቢዎች መኖሪያ የነበረው ይህ ቤት ባዶውን ከተቀመጠ ቆይቷል፤ አንድ ስደተኛ ቤተሰብ በነፃ እንዲኖርበት ሐሳብ ቀረበ። ጋሼ ተቃወመ። ቤተሰቡን አልነበረም የተቃወመው። ማሞቂያው ያረጀ ነው፣ ደረጃው ገደል ነው፣ ቧንቧው በየክረምቱ ይፈነዳል፣ ስለዚህ ለጥገና የምናፈሰውን ገንዘብ ለተከራየ አፓርታማ ብንከፍለው ሰዎቹም ይመቻቸዋል፣ እኛም ከአቅማችን በላይ የሆነ ቃል አንገባም ነበር ያለው። አሃዞቹን በእጁ ጽፎ ለየሰዉ አድሏል። መጋቢያችን የምትመራው ጉባኤ በትዕግሥት አዳመጠው፤ ጥያቄ ተጠየቀ፤ ድምፅ ተሰጠ፤ ከእርሱ በቀር ሁላችንም እጃችንን አወጣን። ያን ጊዜ ነው መነጽሩን አውልቆ ያንን ዓረፍተ ነገር የተናገረው።

እኔ ደነገጥኩ። ባደግኩበት አገር በጉባኤ መካከል እንዲህ ያለ ቃል ከተሰማ ወይ ሰውየው ከዚያ ማኅበር ሊወጣ ነው፣ ወይ ማኅበሩ ለሁለት ሊከፈል ነው። ጸሐፊዋ ግን ቀና ብላ ሳታይ ስሙን መዘገበች፣ በጸሎት ተዘጋ፣ ጋሼም ተነሥቶ ለመጋቢያችን ቡና ቀዳላትና ስለ እናቷ ሕመም ይጠይቃት ጀመር። ፊቱ ላይ ኩርፊያ ስፈልግ ቆየሁ፤ የለም። ቅዳሜ ዕለት ቤቱን ልናጸዳ ስንሰባሰብ እርሱ ከሁላችን ቀድሞ ደርሶ ነበር፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ ሜትሩን ዘርግቶ የደረጃውን መደገፊያ ይለካል። ሳየው የተገረምኩት ፊቴ ላይ ተነበበ መሰለኝ፣ ሳልጠይቀው መለሰልኝ፤ «አሁንም አልተስማማሁም። ግን ይህ ደረጃ ልጅ ይጥላል» አለኝና ወደ መለካቱ ተመለሰ።

እኔ ባደግኩበት ቤት አለመስማማት መውጫው ሁለት ብቻ ነበር። አንደኛው ኩርፊያ ነው፤ አጎቴና አባቴ በአንድ የመሬት ወሰን ነገር ለዓመታት ሳይነጋገሩ፣ በለቅሶ ቤት ሲገናኙ እንኳ ፊትና ኋላ ሆነው ተቀምጠው አይቻለሁ። ሁለተኛው ሽማግሌ ነው፤ የተከበሩ ሰዎች ይላካሉ፣ ነገሩ ከሥሩ ይወጣል፣ ጥፋተኛው ይካሣል ወይም ይለመናል፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባብለው ይሳሳማሉ፣ ከዚያ ወዲያ ያን ነገር ያነሣ እርሱ ነውረኛ ነው። ሁለት ሰዎች ሳይኳረፉም ሳይታረቁም፣ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ስሕተት ነው እንዳለ፣ ይህም በመዝገብ ሰፍሮ ሳለ፣ ከአንድ ማዕድ ሲቆርሱ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

ፕሬስቢቴሪያኖቹ፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያናቸውን በሽማግሌዎች ጉባኤ የሚያስተዳድሩት እነዚህ ፕሮቴስታንቶች፣ ለዚህ ሥርዓት አላቸው፤ ያውም የቆየ። (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ወደ እኛ የመመለሱን ድካም ለአንባቢ ትቻለሁ።) በአሜሪካ የነበሩት ፕሬስቢቴሪያኖች በ1741 በጊዜው በተነሣው መንፈሳዊ መነቃቃት ምክንያት ለሁለት ተከፍለው፣ በ1758 ተመልሰው ሲዋሐዱ አንድ ስምምነት ጻፉ። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ጉባኤው በብዙኃን ድምፅ ከወሰነ አባሉ ወይ በሥራ ይተባበር፣ ወይ ባይስማማም በዝምታ ይታዘዝ፤ ሕሊናው ለሁለቱም እምቢ ካለው ደግሞ ሐሳቡን በጨዋነት ከተናገረና ከተሰማ በኋላ ሌላውን ሳይከፋፍል በሰላም ይሂድ። በ1788 ደግሞ መልካም ጠባይና መልካም አቋም ያላቸው ሰዎች ሊለያዩባቸው የሚችሉ እውነቶችና ሥርዓቶች እንዳሉ፣ በእነዚህም እርስ በርስ መቻቻል ግዴታ እንደ ሆነ አጸኑ። የልዩነት ሐሳብ ማስመዝገብም ከዚሁ ሥርዓት ጋር የሚሄድ መብት ነው። የሚገርመኝ ግን ገደቡ ነው፤ ውሳኔው በተላለፈበት በዚያው ጉባኤ ላይ መነገር አለበት። ቤት ሄዶ፣ ሌሊቱን ተብሰልስሎ፣ በማግስቱ መላክ የለም።

ከዚያ ታሪክ ውስጥ የምወደው ሰው ጊልበርት ቴነንት ነው። ክፍፍሉ ከመምጣቱ በፊት መነቃቃቱን የተቃወሙትን አገልጋዮች ፈሪሳውያን እያለ በስብከት ያብጠለጠለ፣ እሳቱን ካነደዱት ዋነኛው ነበር። ከዓመታት በኋላ ለመታረቅ ከደከሙት አንዱ ሆነ፤ የተዋሐደው ሲኖዶስ በ1758 ሲሰበሰብም ሰብሳቢ አድርጎ የመረጠው እርሱን ነው። የሰደባቸው ሰዎች በተቀመጡበት ጉባኤ ወንበሩን ሲይዝ ምን ተሰምቶት ይሆን? እኔ ብሆን ታምሜያለሁ ብዬ እቀር ነበር።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን፣ መቻቻልን እንዲህ አሳምረው የጻፉ ሰዎች እንደ እነርሱ የተከፋፈለ የለም። በ1837 ተለያዩ። በ1861 የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር ሰሜንና ደቡብ ተባሉ፤ የዚህ ስንጥቅ ዋነኞቹ ወገኖች ዳግም የተገናኙት በ1983 አትላንታ ላይ ነው፤ አንድ መቶ ሃያ ሁለት ዓመት። በ1936 የወጡ አሉ፣ በ1973 የወጡ አሉ። በስኮትላንድም በ1843 ከአራት መቶ በላይ አገልጋዮች ደመወዛቸውንና ቤታቸውን ትተው በአንድ ጊዜ ወጥተዋል። አንዳንዴ ሳስበው ጥፋቱ ያለው ሽማግሌ ስንሆን በምንገባው ቃል ውስጥ ይመስለኛል። የቤተ ክርስቲያንን ሰላም፣ አንድነትና ንጽሕና ለማራመድ ቃል ትገባለህን ተብለን እንጠየቃለን፤ ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ። የወጡት ሁሉ ስለ ንጽሕና ነው ያሉት፤ የቀሩት ሁሉ ስለ አንድነት። ሰላሙን ማን እንደ ወሰደው አላውቅም።

የዚህች የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ በ2014 የወሰነውና በቀጣዩ ዓመት የጸናው ነገርም በዚሁ መዝገብ ይገባል። ማንም አገልጋይ ከሕሊናው ውጭ እንዲያጋባ አይገደድም ተብሎ ተጽፏል፤ ሆኖም ብዙ አጥቢያዎች ወጥተዋል፣ ከእኛም ቤት ሄደው የቀሩ አሉ። ያሳደገችኝ መካነ ኢየሱስ በበኩሏ በዚሁ ጉዳይ ምክንያት በ2013 ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና ከአሜሪካ ሉተራኖች ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋረጠች። እኔ የት እንደ ቆምኩ የሚያውቁኝ ያውቁታል፤ ዛሬ አልገባበትም። የማነሣው ሁሉም አለመስማማት የደረጃ መደገፊያ በመጠገን እንደማያልፍ እንዳልረሳ ብቻ ነው።

ሆኖም ወዲያው ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል። በ1529 በጀርመን ማርቡርግ ላይ የተሐድሶ መሪዎቹ ሉተርና ዝዊንግሊ ተገናኝተው ከአሥራ አምስት ነጥብ በአሥራ አራቱ ተስማሙ፤ በቀረችው፣ በጌታ ራት ነገር፣ ሉተር «ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለውን ቃል በጠመኔ ጠረጴዛው ላይ ጽፎ፣ ምሳሌ አይደለም፣ እንደ ቃሉ ነው ብሎ አልነቃነቅም አለ፤ ዝዊንግሊ በእንባ የዘረጋለትን የወንድምነት እጅም አልተቀበለም። የፕሬስቢቴሪያን ዘር የሚመዘዘው ከዝዊንግሊና ከካልቪን ወገን ነው። ይህ የተሐድሶ አባቶች ቁስል ነው እንግዲህ፣ በ1974 የእኛዎቹ አገር ውስጥ ቁጭ ብለው ያለፉት።

አባቴ የቤቴል ልጅ ነው። ደምቢ ዶሎ ላይ ሐኪሙ ቶማስ ላምቢ ከጀመሩት የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያኖች ሥራ የበቀለች፣ ጣልያን መጥቶ ሚስዮናውያኑ ሲወጡ እንደ ቄስ ጊዳዳ ሶለን ባሉ የአገሩ ሰዎች የቆመች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ዓይነ ስውሩ ጊዳዳ የቀድሞው ፕሬዚዳንት የዶክተር ነጋሶ አባት መሆናቸውን ብዙ ሰው ያውቃል። በ1947 ራሷን ችላ የቆመችው ቤቴል፣ በ1974 ሉተራዊት ከሆነችው መካነ ኢየሱስ ጋር አንድ ሆነች። አባቴን አንድ ጊዜ፣ ስለ ቁርባኑ ልዩነት ምን ተባባላችሁ ብዬ ጠየቅሁት። ቆየና «በዚያ ዓመት ሌላ ብዙ የሚያስጨንቅ ነገር ነበር» አለኝ። ኋላ ደርግ የወለጋን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጋ፣ ይኼኛው ሉተራን ነው፣ ያኛው ፕሬስቢቴሪያን ነው ብሎ የለየ የለም። ልዩነቱ ተፈትቶ እንዳይመስላችሁ፤ ማንም አልፈታውም። አብረው መኖር ግን ጀመሩ፣ እየኖሩም ነው።

እንግዲህ ጋሼን ከአባቴ ጋር ሳስተያየው አንድ ነገር ይከነክነኛል። የእኛ ሰዎች አንድ ላይ የኖሩት ነገሩን ሳያነሡት ነው፤ እርሱ ግን አንሥቶ፣ አስመዝግቦ፣ ከዚያ አብሮ ይኖራል። የትኛው ይበልጣል ብባል የጋሼን ነው ብዬ በአንድ አፍ መመስከር አልችልም። እዚያ ማታ ማንም አጠገቡ ሄዶ «ምነው? ምን ሆነህ ነው?» አላለውም። በእኛ ቤት ቢሆን በነጋታው ሁለት ሰው ይላክበት፣ ቡና ይፈላ፣ ከአሃዙ በታች ሌላ ቅሬታ እንዳለ ይመረመር ነበር። ምናልባት አለ። ምናልባት ባለቤቱ ባረፈች ጊዜ ያላደረግንለት ነገር አለ። ሥርዓቱ ሐሳቡን በክብር መዘገበለት፤ ሰውየውን የጠየቀው ግን የለም። መከባበርና መተዋወቅ አንድ እንዳልሆኑ ያየሁት እዚያ ነው፤ የቱ ከየቱ እንደሚቀድም ግን አላየሁም።

ይህን ሁሉ ለእህቴ በስልክ ሳወራላት ቆየሁ፤ ቴነንትን፣ ማርቡርግን፣ ጠመኔውን ሳይቀር። ሰምታ ሰምታ፣ እንደ ልማዷ፣ «አንተስ ቤቱን ነገር እንዴት አየኸው?» አለችኝ። ግማሹ ሐሳቤ ከጋሼ ጋር ነበር አልኳት፤ ማሞቂያውን አይቼዋለሁ፣ አሃዞቹም ልክ ናቸው። «ታዲያ እጅህን ለምን አወጣህ?» ሁሉም ስላወጣ ነው ለማለት አፈርኩ። ሳቀችብኝ። እውነት ለመናገር፣ በዚያ ጉባኤ በተቀመጥኩባቸው ጊዜያት ሁሉ አንድም የልዩነት ሐሳብ አስመዝግቤ አላውቅም፤ የልዩነት ሐሳቤን የማስመዘግበው ከስብሰባው በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ ወይም ከእህቴ ጋር በስልክ ነው። እርሷ ጥሩ ጸሐፊ ናት፣ አንዱንም አትረሳ። ስለ መቻቻል ይህን ያህል የሚያስተምረው ሰው እንግዲህ የሚቻልበት ነገር ተናግሮ አያውቅም።

ሳገኘው ልንገረው ይሆን? ግማሹ ሐሳቤ ካንተ ጋር ነበር ብለው ደስ የሚለው አይመስለኝም። መነጽሩን አውልቆ፣ በዚያ በመምህር ድምፁ፣ ሌላኛው ግማሽ ምን ሲሠራ ነበር ብሎ ይጠይቀኛል። ለእርሱ ምን ብዬ እመልስለታለሁ?