ለደመወዝ ቀን የሚደርስ ገንዘብ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወዳጄ ደወለችልኝ። ስታርትአፕ ከጀመረች ገና ዓመቷ ነው። ከኢንቨስተሮች ያገኙት ገንዘብ ባንክ ገብቷል፣ ወጪ ሆኖ የሚያልቀው ግን ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ነው። እስከዚያ ዝም ብሎ ይቀመጥ ወይስ የአሜሪካ መንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ (መንግሥት ገንዘብ ሲበደር የሚሸጠውን የብድር ሰነድ) እንግዛበት? ከገዛንስ የትኛውን? አርባ ደቂቃ ያህል አወራን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ያልነገርኳት ነገር እየመጣ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት።

እኔና ባልደረባዬ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ዘጠኝ ሠራተኛ ያላት ትንሽ የሶፍትዌር ኩባንያ አለችን። ስንጀምር ስለ ግምጃ ቤት ሰነድ አንድም ነገር አላውቅም ነበር። እንዳውቅ ያስገደደኝ ማርች 10 ቀን 2023 ነው፤ ዓርብ፣ የብዙ ስታርትአፖች ባንክ የነበረው ሲሊከን ቫሊ ባንክ የተዘጋ ዕለት።

የኛ ገንዘብ እዚያ አልነበረም። ግን ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነው ገንዘባችን በሙሉ በአንድ ሌላ ባንክ፣ በአንድ ሒሳብ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ለባንክ አስቀማጮች ዋስ የሚሆነው የአሜሪካ መንግሥት ተቋም ኤፍዲአይሲ ደግሞ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ ዋስትና የሚሰጠው እስከ 250 ሺህ ዶላር ነው። ይህን አውቅ ነበር፣ ከቁም ነገር ግን ቆጥሬው አላውቅም። የዚያን ዓርብ ማታ ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁት፦ የኛም ባንክ ሰኞ ባይከፍት በእጃችን የሚቀረው የሁለት ወር ተኩል ደመወዝ ነው። እሑድ ቅዳሴ ቆሜ ልቤ እዚያው ደመወዙ ላይ ነበር። ማታ ላይ የግምጃ ቤቱ መሥሪያ ቤት፣ ማዕከላዊ ባንኩ ፌደራል ሪዘርቭና ኤፍዲአይሲ በጋራ መግለጫ አወጡ፤ የሲሊከን ቫሊ ባንክ አስቀማጮች ከ250 ሺህ በላይ ያለውም ሳይቀር በሙሉ ይከፈላቸዋል አሉ። እንቅልፍ የወሰደኝ ያን ጊዜ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሒሳባችንን ወደሚሠሩልን ሰው ሄድኩ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ በባንክ ሥራ ያሳለፉ አባት ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። «ጋሼ፣ ይሄን ገንዘብ የት ላድርገው? ጥሩ ወለድ የሚከፍለው የቱ ነው?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ልጄ፣ ይሄ ገንዘብ ያንቺ እንዳይመስልሽ። የዘጠኝ ሰው ደመወዝ ነው። መጀመሪያ መቼ መቼ እንደሚወጣ ጻፊልኝ። ወለዱን ከዚያ በኋላ እናወራለን።»

ጻፍኩ። ደመወዝ፣ ኪራይ፣ የጤና መድን፣ በሩብ ዓመት የሚከፈል ግብር፣ የሰርቨር ውል። አንድ ገጽ አልሞላም። እስከ ዛሬም ገንዘብ ከማንቀሳቀሴ በፊት የማየው ያችን ወረቀት ነው።

ሰዎች የመንግሥት ሰነድ ሲባል አንድ ነገር ብቻ ነው የሚታያቸው፦ መንግሥት አይክድም። እውነት ነው። ግን ሲሊከን ቫሊ ባንክን ገደል የከተተው በአብዛኛው ይኸው የመንግሥትና መንግሥት ከጀርባው ያለ ሰነድ ነው። በ2020 እና በ2021 ስታርትአፖች ገንዘብ በገፍ አስገቡለት፤ ባንኩም ወለድ መሬት በነካበት ጊዜ ረጅም ዓመት የሚቆይ የብድር ሰነድ (ቦንድ) ገዛበት። ከማርች 2022 ጀምሮ ፌደራል ሪዘርቭ ወለዱን ከፍ እያደረገ ሲሄድ የድሮው ቦንድ ዋጋ ወረደ። አዲሱ የተሻለ እየከፈለ የድሮውን በሙሉ ዋጋ ማን ይገዛል? ቀኑ እስኪደርስ ቢጠበቅ እያንዳንዷ ዶላር ትመለስ ነበር። አስቀማጮቹ ግን ገንዘባቸውን ዛሬ ፈለጉት። ባንኩ 21 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሰነድ ሸጦ 1.8 ቢሊዮን መክሰሩን ማርች 8 ቀን ተናገረ፤ በማግስቱ ብቻ 42 ቢሊዮን ዶላር ወጣበት።

ስለዚህ «ይከፈለኛል ወይ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። «መቼ?» የሚለው ለስታርትአፕ ይብሳል።

ይህን ሁሉ እያወቅኩ እኔም ተሳስቻለሁ። በዚያው በ2023 ሜይ ላይ የ300 ሺህ ዶላር የ52 ሳምንት ሰነድ ገዛሁ፣ ዓመት ሙሉ አልነካውም ብዬ። ጁላይ ላይ አንድ ትልቅ ደንበኛ ክፍያውን አዘገየና ሰነዱን ቀኑ ሳይደርስ መሸጥ ግድ ሆነ። በመሃል የገበያው ወለድ ከፍ ብሎ ስለነበር ገዢው ዋጋውን ቀነሰብኝ። ዋናው ገንዘብ ተመልሷል፣ ለሁለት ወር ያገኘነው ወለድ ግን ከምንም የሚቆጠር አልነበረም። ያንኑ ገንዘብ በ8 ሳምንትና በ13 ሳምንት ከፋፍዬው ቢሆን ኖሮ ምንም መሸጥ ባላስፈለገኝ ነበር። ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ወረቀቷ ላይ ያ ደንበኛ ቢዘገይስ የሚል መስመር አልነበረም።

አሠራሩን ለማያውቅ ሰው ልግለጸው። የአሜሪካ የግምጃ ቤት ሰነድ የ4፣ የ6፣ የ8፣ የ13፣ የ17፣ የ26 እና የ52 ሳምንት አለ። በየጊዜው ወለድ አይከፍልም፤ በቅናሽ ገዝታችሁ በቀኑ ሙሉውን ትቀበላላችሁ። የ100 ሺህ ዶላር የ91 ቀን ሰነድ ቅናሹ 5 በመቶ ከሆነ የምትከፍሉት 98,736 ዶላር ከ11 ሳንቲም ነው፣ በቀኑ 100 ሺህ ይገባላችኋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ያ 5 በመቶ በ360 ቀን የተሰላ፣ ያውም ከ100 ሺሁ ላይ የተሰላ ነው። ባወጣችሁት ገንዘብና በ365 ቀን ስታሰሉት ወደ 5.13 በመቶ ይመጣል። ባንኩ ከሚነግራችሁ ወለድ ጋር የምታወዳድሩት ይህን ሁለተኛውን ነው።

አሁን የማደርገው እንደ እቁብ ነው። እቁብ በየወሩ ለአንድ ሰው እንደሚደርስ እኔም ሰነዶቹን በየወሩ አንድ እንዲደርስ አድርጌ እደረድራቸዋለሁ። የሚደርሰው ገንዘብ ወረቀቷ ላይ ካለው የዚያ ወር ወጪ ጋር ይገጥማል። ካላስፈለገ ከሰልፉ መጨረሻ ላይ እንደገና ይገዛበታል። የሁለት ወር ወጪ ግን ሰነድ ውስጥ አይገባም። እሱ ለሁለት ባንክ ተከፍሎ፣ በዋስትናው ልክ ተቀምጦ፣ በማንኛውም ሰዓት ይወጣል።

ወዳጄ ደጋግማ የጠየቀችኝ «ራሴ ልግዛ ወይስ መኒ ማርኬት ፈንድ ይሻላል?» የሚለውን ነው። ፈንዱ የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ የአጭር ጊዜ ሰነዶች ይገዛል፤ ሥራ ያቀላል፤ ገንዘባችሁን በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ታገኛላችሁ። ወለዱ ግን ከገበያው ጋር ወዲያው ይወርዳል። ሴፕቴምበር 2024 ፌደራል ሪዘርቭ ግማሽ ነጥብ ሲቀንስ የፈንዱ ወለድ በቀናት ውስጥ ወረደ፣ ቀደም ብለን የገዛነው የ26 ሳምንት ሰነድ ግን በተስማማንበት ወለድ ቀጠለ። ፈንድ ከመረጣችሁ ደግሞ ውስጡ ያለውን እዩ። በ2008 ሪዘርቭ ፕራይመሪ የተባለው መኒ ማርኬት ፈንድ የኢንቨስትመንት ባንኩን የሌማን ብራዘርስን የብድር ሰነድ ይዞ ነበር፤ ሌማን ሲወድቅ የፈንዱ 1 ዶላር ወደ 97 ሳንቲም ወረደ። ለደመወዝ ገንዘብ የድርጅቶች ብድር ሰነድ የያዘ ፈንድ አልመርጥም፣ ጥቂት ተጨማሪ ወለድ ቢኖረውም።

ራሳችሁ ስትገዙ፣ መንግሥት ሰነዱን በቀጥታ በሚሸጥበት ድረ ገጽ በትሬዠሪዳይሬክት ኩባንያም አካውንት መክፈት ይችላል። ችግሩ እዚያ መሸጥ አይቻልም፤ መጀመሪያ ወደ ብሮከር (ሰነድ ወደሚያገበያይ ድርጅት) ማዛወር አለባችሁ። ገንዘብ በድንገት ለሚያስፈልገው ኩባንያ ይሄ አይሆንም። በብሮከር ስትገዙ ሰነዱ የናንተ ንብረት ነው፣ ከብሮከሩ ሀብት ተለይቶ ይቀመጣል። አሁን በየስታርትአፕ መተግበሪያው ላይ «ትሬዠሪ» የሚል ቁልፍ መጥቷል፤ አንድ ጊዜ ትነኩታላችሁ፣ ሁሉንም ያደርጉላችኋል። መጥፎ ነው አልልም። ግን ገንዘቡን የያዘው ማን ነው፣ በማን ስም ነው፣ ለአገልግሎቱ ስንት ነው የምትወስዱት ብላችሁ ጠይቁ። ከ1 ሚሊዮን ዶላር ላይ ግማሽ በመቶ በዓመት 5 ሺህ ዶላር ነው። በ2024 ሲናፕስ የተባለው በባንኮችና በመተግበሪያዎች መሃል የቆመ ኩባንያ ኪሳራ ሲያውጅ፣ የማን ገንዘብ የት ባንክ እንዳለ የሚያሳየው መዝገብ አልገጥም ብሎ ብዙ ሰዎች ለወራት ገንዘባቸውን ማውጣት አልቻሉም። ባንኮቹ አልወደቁም እኮ። የጠፋው መዝገቡ ነው።

ጠበቃችን የነገረን አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙ መሥራች አያውቀውም። በ1940ው የኢንቨስትመንት ኩባንያ ሕግ መሠረት፣ ከጥሬ ገንዘብና ከመንግሥት ሰነድ ውጭ ካለው ሀብታችሁ ውስጥ የኢንቨስትመንት ሰነዱ ከ40 በመቶ ካለፈ ኩባንያችሁ ሳያስበው እንደ ኢንቨስትመንት ድርጅት ሊታይ ይችላል። ያ ደግሞ ለትንሽ ኩባንያ የማይቻል ጣጣ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ሰነድ ከዚያ ስሌት ውጭ ነው፤ የድርጅት ቦንድ ግን አይደለም። ሀብቷ ኮምፒውተርና ኮድ ብቻ ለሆነ ኩባንያ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ግብሩም ይለያል። የግምጃ ቤት ሰነድ ወለድ የፌደራል ግብር አለበት፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግን የኩባንያ ገቢ ግብር አይጠይቁበትም። ካሊፎርኒያ ያሉ ኩባንያዎች የሚከፍሉት ግን ፍራንቻይዝ ታክስ (በግዛቱ ለመሥራት የሚከፈል ግብር) ስለሆነ ወለዱ ይቆጠርባቸዋል። በግል ግብር የለመዳችሁትን ይዛችሁ ለኩባንያ እንዳትሠሩበት፣ የሒሳብ ሰው ጠይቁ።

አንድ የአዲስ አበባ ወንድማችን ይህንኑ እኔም ላድርግ ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ብሔራዊ ባንክ በጨረታ የሚሸጠው የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን የግምጃ ቤት ሰነድ አለ፣ ሐሳቡ ያው ነው። ግን የሱ ትልቁ ወጪ በዶላር የሚከፈል ሰርቨር ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲደረግ ዶላሩ በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ደረሰ፣ በሳምንታት ውስጥም 100ን አለፈ። በዚያን ጊዜ የብር ሰነድ የያዘ ሰው ገንዘቡ በቀኑ፣ ሙሉ ሆኖ ተከፍሎታል፤ የሰርቨሩን ሒሳብ ግን አይሞላለትም። ለሠራተኛ ደመወዝና ለቢሮ ኪራይ የተያዘውን ብር ሰነድ ግዛበት፣ ለሰርቨሩ የሚሆነውን ግን በዚህ አትቁጠረው አልኩት።

ዛሬ እሑድ ነው። ነገ የ13 ሳምንት ሰነድ ጨረታ አለ፣ ሰነዱ ሐሙስ እጃችን ይገባል። ከ13 ሳምንት በኋላ ሐሙስ ይደርሳል፣ በማግስቱ ዓርብ ደመወዝ እንከፍላለን። ወዳጄ ማምሻውን ወረቀቷን ልካልኛለች። የመድን ክፍያዋና የሰርቨር ውሏ አንድ ሳምንት ላይ ወድቀዋል፤ ነገ ስንገናኝ ከዚያ ሳምንት ነው የምንጀምረው።