አልማቪቫን ቸኩዬ የቀመስኩበት ቀን

አዲስ አበባ እያለሁ ስራዬ ቡና መቅመስ ነበር፣ ካፒንግ ማለቴ ነው፣ አሁን ቨርጂኒያ ነኝ። ምላሴን አምነዋለሁ። ለዛም ነው አራት ሆነን አዋጥተን የቺሊውን ቀይ ወይን አልማቪቫ በፈረንጆቹ የ2015ቱን ምርት ስንገዛ ነጥብ የምሰጠው እኔ ነኝ ብዬ ደብተር ይዤ የተቀመጥኩት። ጠርሙሱ ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ እንደኛ አይነት ሰው በአመት አንዴ ቢገዛው ነው፣ ያችን አንዴ በጥድፊያ እንዳታበላሿት ነው ይሄን የምጽፈው።

ወይኑ የሚመጣው ከሳንቲያጎ ብዙም ከማይርቀው ከፑዌንቴ አልቶ ነው፣ ማይፖ ሸለቆ፣ አንዲስ ተራራ ስር፣ ማታ ማታ ከተራራው ቀዝቃዛ አየር ስለሚወርድ ወይኑ ቀስ ብሎ ይበስላል። የፈረንሳዩ ባሮን ፊሊፕ ደ ሮትሺልድ እና የቺሊው ኮንቻ ኢ ቶሮ የሚባሉ የወይን ኩባንያዎች በ1997 ተጣምረው ያቋቋሙት ነው፣ የመጀመሪያው ወይኑ ግን ከ1996 መከር ነው። ከተለያየ የወይን ፍሬ ዝርያ የተደባለቀ ነው፣ ትልቁን ድርሻ ካበርኔ ሶቪኞን ይይዛል፣ ቀጥሎ ካርሜኔር፣ ከዛ ትንሽ ካበርኔ ፍራንክ እና ፔቲ ቨርዶ። የ2015ቱን ጄምስ ሰክሊንግ የሚባለው አሜሪካዊ የወይን ሃያሲ ሙሉ 100 ነጥብ ሰጥቶት የ2017 ምርጥ ወይን ብሎታል።

ይሄን 100 የሚል ቁጥር ቀድሜ ማንበቤ ራሱ ስህተት ነበር። ቡና ስንቀምስ እኮ ሲኒው ላይ ኮድ ብቻ ነው ያለው፣ የይርጋጨፌ ይሁን የጂማ ሳታውቅ ነው የምትቀምሰው፣ እኔ ግን እዚህ ጋ ምን ማግኘት እንዳለብኝ አስቀድሜ ወስኜ ስለነበር የጠበኩት ሳይመጣ ሲቀር ተናደድኩ። ከፈትነው፣ ወዲያው ቀዳሁ፣ ተጎነጨሁ። ጠርሙሱ የዋለው ኪችን ውስጥ ምድጃው አጠገብ ነው፣ ሞቋል። ደብተሬ ላይ የጻፍኩት «አልኮሉ ያቃጥላል፣ ቃሪያ ቃሪያ ይላል፣ ምላስ ያደርቃል፣ 85» ነው።

አብረውን የነበሩት ጋሼ ዲሲ ውስጥ ሬስቶራንት ብዙ አመት የሰሩ ሰው ናቸው፣ ደብተሬን አየት አርገው «ልጄ፣ ቡናውንስ ገና እየተንተከተከ ነው እንዴ ነጥብ የምትሰጠው?» አሉኝ። በቃ፣ ያኔ ገባኝ። በካፒንግ 8.25 ግራም ቡና ላይ 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ታደርጋለህ፣ 4 ደቂቃ ጠብቀህ ላዩ ላይ የጋገረውን ቡና በማንኪያ ትሰብራለህ፣ ከዛ በኋላም ቶሎ አትቀምስም፣ ሞቅ እንዳለ፣ ለብ ሲል፣ ሲቀዘቅዝ እያልክ ትመላለስበታለህ፣ ትኩስ እያለ ጥሩ የመሰለው ሲቀዘቅዝ ጉዱ የሚወጣበት ጊዜ አለ፣ ተቃራኒውም አለ። ይሄን እያወቅኩ ወይን ሲሆን ለምን እንደረሳሁት እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዛ ጠርሙሱን ፍሪጅ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል አስቀመጥነው፣ 16 እስከ 18 ዲግሪ ላይ ነው መሆን ያለበት። አውጥተን ሰፋ ወዳለ የመስታወት ጆግ ቀስ አርገን ገለበጥነው፣ አተላው ታች እንዲቀር የስልክ መብራት አንገቱ ስር ይዘን፣ ልክ ጠላ እንደሚቀዳ በጥንቃቄ። አየር እንዲያገኝ ለ2 ሰዓት ያህል ተውነው።

እስከዛ ስለ ቃሪያው ላውራ፣ ምክንያቱም ነጥብ የቀነስኩበት ዋናው እሱ ነበር። ካርሜኔር ድሮ ቦርዶ የሚባለው የፈረንሳይ አካባቢ የወይን ዝርያ ነው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊሎክሴራ የሚባለው ተባይ አውሮፓ ላይ ሲወርድ እዛ ጠፋ ተባለ። ቺሊ ግን ተባዩ አልገባም፣ እና ካርሜኔሩ ከሜርሎ ጋር ተደባልቆ ሜርሎ እየተባለ ኖረ፣ እስከ 1994 ድረስ፣ ያኔ ዣን ሚሼል ቡርሲኮ የሚባል ፈረንሳዊ ባለሙያ ማይፖ ውስጥ ማሳ ላይ አይቶ ይሄ ሜርሎ አይደለም አለ። ነገሩ የስም ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ካርሜኔር ከሜርሎ በሳምንታት ዘግይቶ ነው የሚበስለው፣ አብሮ ሲለቀም ጥሬ ነበር ማለት ነው፣ ያ የቃሪያ ሽታ (ፍሬው ውስጥ ያለ ፒራዚን የሚባል ንጥረ ነገር ነው የሚያመጣው) ሌላውን ሁሉ ይውጠው ነበር። ሲበስል ይቀንሳል፣ ግን ጨርሶ አይጠፋም፣ ጠባዩ ነው። ቡና ላይ ጥሬ ጥሬ ሲል ነጥብ እቀንሳለሁ፣ ያንኑ ህግ እዚህ ማምጣት አልነበረብኝም፣ መጠየቅ ያለብኝ «አለ ወይ» ሳይሆን «ፍሬውን ሸፍኖታል ወይ» ነበር።

ከ2 ሰዓት በኋላ ስንቀምሰው አልሸፈነውም። ጥቁር እንጆሪ፣ ትንሽ የትምባሆ ቅጠል፣ የእርሳስ ሽታ፣ እና ከስሩ ባህር ዛፍ! የማይፖ ካበርኔ ላይ ብዙ ጊዜ ይባላል፣ እኔ ግን እንጦጦን ትዝ ሲያስብለኝ ነው ያመንኩት። አልኮሉ ተረጋግቷል፣ ታኒኑ፣ ያ ምላስ የሚያደርቀው ነገር፣ አሁንም ይይዛል ግን እንደ ጥሬ ሙዝ አያኮማትርም፣ ድድ ላይ ለስለስ ብሎ ይቆያል።

ከዛ ሌላ ስህተት ሰራሁ፣ ጥብስ ቀርቦ ስለነበር በአዋዜ አጥቅሼ በላሁና ጠጣሁ። አልኮሉ ተመልሶ ነደደ፣ ፍሬው ጠፋ። ቃጠሎ ያለው ነገር አፍ ውስጥ እያለ እንዲህ ያለ ወይን መገምገም አይቻልም፣ ቀምሳችሁ ጨርሳችሁ ብሉ። ያለ አዋዜ፣ በጥብስ ቅጠል የተጠበሰው የበግ ስጋ ግን ከወይኑ ጋር በጣም ነው የሄደው፣ ስቡ ታኒኑን ያለዝበዋል።

ሲሶ የሚሆነውን ጠርሙሱ ውስጥ መልሰን ከድነን ፍሪጅ አሳደርነው። በማግስቱ ብቻዬን፣ ሌላ ርካሽ የቺሊ ካርሜኔር አጠገቡ አድርጌ፣ ባለቤቴ ብርጭቆዎቹን 1 እና 2 ብላ ሰጠችኝ። የቱ የቱ እንደሆነ ሳላውቅ ሁለቱንም ጻፍኩ። ለ1 ቁጥር 88 ሰጠሁ፣ ለ2 ቁጥር 95፣ ከዛ ጠርሙሱን አሳየችኝ፣ 2 አልማቪቫው ነበር። 85 የሚለውን አልሰረዝኩትም፣ አጠገቡ «ሞቆ፣ ሳይናፈስ» ብዬ ጻፍኩበት።