ቀዩ ዛፍ የጠፋበት ፎቶ

ዛፉ ብቻውን ነበር። ዳገቱ ከታች እስከ ላይ አረንጓዴ ለብሷል፤ መሀሉ ላይ ይህ አንድ ዛፍ ቅጠሉን ሁሉ አቅልቶ ቆሟል። ፀሐይ ገና አልወጣችም። ብርሃኑ በደመና ተጣርቶ የሚወርድ ለስላሳ ብርሃን ስለሆነ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ትራይፖዴን፣ ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ፣ ተክዬ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየሁና ስድስት ፎቶ አንስቼ ተመለስኩ።

ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ልቤን አልሞላውም፤ ዳገቱ ደብዝዞ ታየኝ። ያኔ አንድ ልማድ ነበረኝ፦ ፎቶው ደስ ካላለኝ ወደ ጥቁርና ነጭ እቀይረዋለሁ። ቀለሙ ሲወጣለት ማንኛውም ፎቶ ቁም ነገር ያዘለ ይመስለኝ ነበር። ይህንንም ቀየርኩት፤ ኮንትራስቱን (የጨለማውንና የብርሃኑን ልዩነት) ጨመር አድርጌ በትልቁ አሳተምኩት። ታላቅ እህቴ ስለ ቀዩ ዛፍ ደጋግሜ ሳወራ ሰምታ ነበርና ፎቶውን በሁለት እጇ ይዛ ረጅም ጊዜ አየችው። «ዛፉ ታዲያ የቱ ጋ ነው?» አለችኝ።

በጣቴ ማሳየት ነበረብኝ። እኔ ራሴም ለማግኘት ትንሽ ፈልጌያለሁ።

ያን ምሽት ባለ ቀለሙን ፋይል መልሼ ከፈትኩ። ጠቋሚውን ቅጠሉ ላይ አሳርፌ ከ0 እስከ 255 የሚሄዱትን የቀለም ቁጥሮች አነበብኩ፦ ቀይ 190፣ አረንጓዴ 45፣ ሰማያዊ 40። አጠገቡ ያለው ሣር ላይ ደግሞ ቀይ 60፣ አረንጓዴ 110፣ ሰማያዊ 50። የሰው ዓይን ለአረንጓዴ ብርሃን ይበልጥ ንቁ፣ ለሰማያዊ ደግሞ ደካማ ነው። ስለዚህ ቀለምን ወደ ግራጫ ለመለወጥ በሰፊው የሚሠራበት ስሌት ከቀዩ 30 በመቶ፣ ከአረንጓዴው 59 በመቶ፣ ከሰማያዊው 11 በመቶ ወስዶ ይደምራል። ወረቀት ላይ አሰላሁት። ቅጠሉ 88 ሆነ። ሣሩም 88። ከሩቅ የሚጠሩኝ የነበሩት ሁለት ቀለሞች በድምቀት መንታ ናቸው። ቀለሙን ሳወጣ ያወጣሁት ዛፉን ነው።

እርግጥ ነው፣ የኤዲቲንግ ፕሮግራሞቹ እያንዳንዱን ቀለም ለየብቻ ማድመቅና ማጨለም ያስችላሉ። የቀዩን ስላይደር (ስክሪኑ ላይ የሚገፋውን ማስተካከያ) ወደ ላይ ስገፋው ዛፉ አመዳይ እንደ ወረደበት ነጣ። ያምራል፤ አልዋሽም። ነገር ግን ያ ሌላ ዛፍ ነው። እኔ ትራይፖዴን ተክዬ የቆምኩት ለነጭ ዛፍ አልነበረም። ወደ ባለ ቀለሙ ተመለስኩና የዳገቱን ድምቀት ብቻ ትንሽ ዝቅ አደረግኩት። ቀዩን አልነካሁትም፤ ራሱ ብቅ አለ። መጀመሪያም ቢሆን ፎቶው የጎደለው ይህቺው ነበረች። ቀለሙ ጥፋት አልነበረበትም።

ከዚያ ወዲህ ለጥቂት ወራት ጥቁርና ነጭን ፈራሁት። የመለሰኝ በቀትር ያነሳሁት የተራሮች ፎቶ ነው። አምስት ሸንተረሮች አንዱ ከሌላው ኋላ ተደርድረዋል፤ አየሩ በጭጋግ ታፍኗል፤ ሰማዩ የታጠበ ጨርቅ ይመስል ፈዛዛ ሰማያዊ ነው። ባለ ቀለሙ ፎቶ ላይ ሁሉም ነገር በአንድ ሰማያዊ ውሃ የተነከረ ይመስል ነበር። ቀለሙ የሚነግረኝ ምንም ነገር የለም፤ እንዲያውም ሸንተረሮቹን ይሸፍንብኛል። እዚህ ላይ ማውጣቱ ትክክል ነበር። ስህተቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ በ1927 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ባለው የዮሰሚቲ ፓርክ ውስጥ ሃፍ ዶም የሚባለውን ተራራ ገደል በጥቁርና ነጭ ሲያነሳ መጀመሪያ ቢጫ ፊልተር፣ ሌንሱ ፊት የሚደረግ ባለ ቀለም መስታወት፣ ተጠቅሞ ነበር። ሰማዩ በልቡ እንዳሰበው እንደማይጨልም ሲገባው፣ ያኔ እንደ ፊልም በምታገለግለው፣ በቀረችው አንዲት የመስታወት ፕሌት ላይ፣ ጠቆር ያለ ቀይ ፊልተር አድርጎ ደገመው። ሰማዩ ወደ ጥቁር ተጠግቶ ዓለቱ ጎልቶ ወጣ። ያንን ፎቶ እወደዋለሁና እኔም ሰማዬን ላጠቁር ተነሳሁ። ቀይ ፊልተር ሰማያዊ ብርሃንን ስለሚያግድ፣ በኮምፒውተር ለማስመሰል የሰማያዊውን ስላይደር እስከ ታች ጎተትኩት።

ሰማዩ ጠቆረ። ግን ሸንተረሮቹም አብረው ጠቆሩ፤ አምስቱ ሁለት መሰሉ። ነገሩን ቆይቼ ሳስበው ግልጽ ሆነልኝ። አየር ሰማያዊ ብርሃንን ከቀዩ አብልጦ ይበትናል፤ የሩቅ ተራራ ሰማያዊ የሚመስለውም፣ ከቅርቡ የሚነጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። አንዱን ሸንተረር ከሌላው የሚለየው ያው ጭጋግ ነበር፤ እኔ ደግሞ ጠረግኩት። አዳምስ የፈለገው ከሰማዩ ተለይቶ የሚወጣ ዓለት ነው፤ እኔ የፈለግኩት ርቀት ነው። ስላይደሩን በተቃራኒው ጥቂት ወደ ላይ ስገፋው ሸንተረሮቹ እየራቁ እየነጡ አምስቱም ተመለሱ። ስድስተኛም ነበረ፤ በባለ ቀለሙ ላይ ጨርሶ አላየሁትም።

ስለዚያ ስላይደር አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ፎቶ አበላሽቶብኛልና። አለቅጥ ሲጎተት በሰማዩ ውስጥ ያለው ጥቃቅን የቀለም ልዩነት ሁሉ ወደ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ይለወጣል፤ ተራራው ከሰማዩ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝም ክር የመሰለ ነጭ መስመር ይወጣል። በትንሹ ሲያዩት አይታወቅም፤ መቶ በመቶ አጉልቶ ማየት ነው። ፋይሉ ጄፔግ፣ ማለትም ካሜራው ጨምቆ የሚያስቀምጠው የተለመደው የፎቶ ፋይል፣ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም የሚይዘው 256 ደረጃ ብቻ ነው፤ ባለ 14 ቢት ራው፣ ካሜራው ያየውን ብርሃን በጥሬው የሚያስቀምጠው ፋይል፣ 16,384 ይይዛል። የእኔ ሰማይ በጄፔግ እንደ ደረጃ ተቆራርጦ ስላየሁት ከዚያ በኋላ በራው ብቻ ነው የማነሳው።

አሁን ውሳኔውን ኮምፒውተሩ ድረስ አላቆየውም። ቦታው ላይ ሆኜ ለምን እንደቆምኩ ድምፄን አውጥቼ በአንድ ዓረፍተ ነገር እናገራለሁ። «ያ ቀይ ዛፍ» ካልኩ ነገሩ አለቀ፤ የቀለም ስም ከአፌ ወጥቷል። «ተራሮቹ እየተከታተሉ ሲርቁ» ካልኩ ቀለም አልተጠራም ማለት ነው፤ ያኔ የካሜራውን ማሳያ ወደ ጥቁርና ነጭ አዞራለሁ። በራው ስለማነሳ ስክሪኑ ላይ ግራጫ ባይም ካርዱ ላይ ሙሉው ቀለም ይቀመጣል፤ የሚጠፋ ነገር የለም። የቀትር ብርሃን ለጥቁርና ነጭ ነው፣ የማለዳና የማታው ለቀለም ነው የሚለውን ደንብ ግን አልቀበለውም። በቀትር የማይተካ ቀለም አይቻለሁ፤ በማታም ቀለሙ ጌጥ ብቻ የሆነባቸው ብዙ ፎቶዎች አንስቻለሁ።

በዚህ መንገድም የማይፈታ ይገጥማል። ባለፈው በንጋት አንድ ሐይቅ አነሳሁ፤ ውሃው ግራጫ፣ ጉሙ ግራጫ፣ ሰማዩ ግራጫ፤ አድማሱ ላይ ብቻ ጣት የምታህል ፈዛዛ ሮዝ መስመር አለች። ስቆም ያልኩት «ጸጥታው» ነበር፤ ቀለም አልጠራሁም። ሦስት ጊዜ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀየርኩት፣ ሦስት ጊዜ መለስኩት። በመጨረሻ ሁለቱንም በኤ4 አሳትሜ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ለጠፍኳቸውና ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር አየኋቸው። የጥቁርና ነጩ ቅርጽ ይበልጥ ጠንካራ ነው፤ ጉሙ ከውሃው የሚለይበት ጠርዝ ጥርት ብሎ ይታያል። ለቀናት እሱን የምመርጥ መስሎኝ ነበር። በዘጠነኛው ቀን መብራት ሳላበራ ወደ ክፍሉ ስገባ፣ ገና በሩ ላይ ሳለሁ ዓይኔ ያረፈው እዚያች ሮዝ መስመር ላይ ነው። ጥቁርና ነጩን አወረድኩት።