ያንን ወረቀት በዚያው ሌሊት ባልጻፍኩት

የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ነኝ። ከአንድ ሌሊት ፈረቃ በኋላ ታግጄ ሦስት ሳምንት ደብረ ብርሃን እናቴ ቤት ከርሜአለሁ። የሆነውን አሳጥሬ ልንገራችሁ። አንድ አውሮፕላን በ15,000 ጫማ ከፍታ ይበራል። ሌላው ከ18,000 ለመውረድ ጠየቀኝ፤ እስከ 16,000 ፈቀድኩለት። አብራሪው «15,000» ብሎ ደገመ። እኔ በሌላው ጆሮዬ ስልክ ይዤ ነበር፤ የሰማሁት የተነገረውን ሳይሆን የጠበቅኩትን ነው። በመካከላቸው 1,000 ጫማ የከፍታ ልዩነት ወይም በራዳር 5 ኖቲካል ማይል የጎን ርቀት መኖር ሲገባው፣ ልዩነቱ 600 ጫማና 3 ማይል ሲሆን ቲካስ የተባለው የአውሮፕላኖቹ የግጭት መከላከያ መሣሪያ አንዱን ውጣ፣ ሌላውን ውረድ አላቸው። ማንም አልተጎዳም።

በዚያች ቅጽበት ዝም ማለቴ ብቻ ያኮራኛል። ሐምሌ 1 ቀን 2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጀርመን ዩበርሊንገን ሰማይ ላይ መሣሪያው ውጣ ያለውን አውሮፕላን ተቆጣጣሪው ውረድ ብሎት ከሌላ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 71 ሰው አልቋል። አብራሪ የቲካስን ትእዛዝ እየፈጸምኩ ነው ካለ አፍ ይዘጋል።

የተበላሸው ከዚያ በኋላ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ የፈረቃው ኃላፊ ቅጽ አስቀመጡልኝ። «ሳይረሳዎት ይሙሉት» አሉኝ። እኔም «አብራሪው የፈቀድኩትን ከፍታ በትክክል ደግሟል» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። አልዋሸሁም፤ እንደዚያ ነበር የሰማሁት። ከሳምንት በኋላ የድምፅ ቅጂው ሲከፈት «15,000» የሚለው እንደ ደወል ጠራ። ከመርማሪዎቹ አንዱ መነጽራቸውን አውልቀው «ታዲያ ይህን የጻፈው ማን ነው?» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ስልኩ፣ ስለ ድካሙ፣ አንድ ሰው የሁለት ሰው ሥራ ስለ መያዙ የጠየቀኝ የለም። ጉዳዩ ሁሉ የእኔ ሐቀኝነት ሆነ። የምርመራ ዓላማ ጥፋተኛ መፈለግ እንዳልሆነ በሥልጠና ላይ በቃላችን አስጠንተውናል፤ ያን ቀን ግን ማንም አላነሳውም።

እናቴ «ሰው ሞተ?» ብላ ጠየቀችኝ። አልሞተም አልኳት። «ታዲያ እህል የማትቀምሰው ምን ሆነህ ነው?» ምን ልበላት? ከተማችን በሰማይ በታየ ብርሃን የተሰየመች ናትና በረንዳ ላይ የመንዝ ባና ተከናንቤ ሽቅብ ባየሁ ቁጥር ጎረቤት «ብርሃኑ ተመልሶ መጣ ወይ?» እያለ ይቀልድብኛል።

መመሪያው ወዲያውኑ ጻፉ ይላል። እኔ አትጻፉ እላለሁ። የምታስታውሱትን ለራሳችሁ በደብተር አስፍሩ፣ ተኙ፣ ቅጂውን ስሙ፣ ከዚያ ፈርሙ። አሻፈረኝ ካሏችሁ ከላይ «ቅጂውን ሳልሰማ የጻፍኩት ነው» ብላችሁ ጀምሩ። አብራሪ እየደገመ ደግሞ ስልኩ ይጩህ፤ አታንሱት።

እንደገና ተፈትኜ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ያ ወረቀት ግን እስከ ዛሬ በማኅደሬ ውስጥ አለ፤ «በትክክል» የሚለውን ቃል ከሥሩ አስምሬበታለሁ፣ በገዛ እጄ።