ሁለተኛ ዓይን የጨመርኩለት ማሊክ አምባር

በምሠራበት ማተሚያ ቤት የታሪክ ካላንደር ታዘዘና ዲዛይኑ እኔ ላይ ወደቀ። አንዱ ገጽ የማሊክ አምባር ነበር፤ ከኢትዮጵያ በባርነት ተሽጦ ሕንድ የገባው፣ በኋላ በደቡብ ሕንድ፣ ደክን በሚባለው አገር፣ የአህመድናጋርን መንግሥት እስከ መምራት የደረሰው የጦር ሰው።

ያገኘሁት ሥዕል፣ ያኔ ሰሜን ሕንድን ይገዛ የነበረው የሙጋል መንግሥት የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ሃሺም፣ በአውሮፓውያን 1620ዎቹ ገደማ የሣለው ነው። ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ነጭ የለበሰ ጥቁር ሽማግሌ ሰይፉን ይዞ ቆሟል። ግን ወደ ጎን ነው የዞረው፣ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው።

እኔ ያደግኩት ደብር አጠገብ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የድሮ ሥዕሎች ቅዱሳን በሁለት ዓይናቸው ያዩናል፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣሉት ይሁዳና ሰይጣን፣ ጌታን የሚገርፉት ወታደሮችም ናቸው። የእኛ ሰው እንዴት እንደ ክፉ ይሣላል ብዬ በኮምፒውተር ፊቱን ወደ ፊት አዞርኩና ሁለተኛ ዓይን ሠራሁለት። ቀኑ ስለደረሰ ለማንም ሳላሳይ ፕሌት፣ ማለትም ማሽኑ የሚያትምባቸውን የአራቱን ቀለም ሰሌዳዎች፣ አስወጣሁ።

ከማሽኑ የወጣውን የመጀመሪያ ወረቀት ያዩት ጽሑፉን ያዘጋጁት ጋሼ ናቸው።

«ልጄ፣ ይሄን ማን ሣለው?»

«ሃሺም ነው ጋሼ።»

«እስቲ የጃሃንጊርን ሥዕሎች ክፈትልኝ።»

ከፈትኩ። የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር፣ ከራሱ ጀርባ የወርቅ አክሊለ ብርሃን ያለው፣ በጎን ነው የተሣለው። በአንድ ዓይን! ልጁ ሻህ ጃሃንም እንዲሁ። ለካ ሃሺም የጌታውን የጃሃንጊርን ጠላት፣ ማሊክ አምባርን፣ የሣለው ንጉሡ ራሱ በሚሣልበት ወግ ነው። እኔ ነኝ ክብሩን ያጠፋሁበት።

ጋሼ ሌላም አሳዩኝ። በ1616 ገደማ አቡል ሐሰን በሣለው ላይ ጃሃንጊር ሉል ላይ ቆሞ፣ በጦር ጫፍ የተሰካውን የማሊክ አምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ይወጋል። ይህ ግን ከሥዕሉ ውጭ ሆኖ አያውቅም፤ ማሊክ አምባር የሞተው ከዚያ አሥር ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1626፣ በእርጅናው ነው። ንጉሡ ሊይዘው ስላልቻለ በብሩሽ አስገደለው። የሃሺም ሥዕል ውስጥ ግን ሰውዬው ራሱ አለ፣ ከነሽምግልናው፣ ከነግርማው።

አራቱም ፕሌት ተጣለ፣ ወጪውም የእኛ ሆነ። ያን ማታ አምሽቼ ሥዕሉን እንደነበረ መለስኩት። ከሥሩም ጋሼ የጻፉትን አስገባሁ፦ «ማሊክ አምባር፣ በነገሥታት ወግ የተሣለ።»